ከእንጦጦ እስከ ፍል ውሃ፦ የአንድ ቀን መንገድና የሕክምና ታሪካችን

በልደታ ክፍለ ከተማ ከሚገኘው ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ በእግሩ የሚጓዝ ሰው በግማሽ ሰዓት ገደማ ፍል ውሃ ይደርሳል። በአንደኛው ቦታ የሀገሪቱ ሐኪሞች ይሠለጥናሉ፤ ከፍተኛ ሕክምና የሚያስፈልገው ሕመምተኛም ከየክፍለ ሀገሩ ተልኮ ይመጣል። በሌላው ቦታ ሰው ፎጣውንና ሳሙናውን ይዞ ወረፋ ይጠብቃል፤ ከምድር ውስጥ በሚወጣ ትኩስ ውሃ ታጥቦ ይመለሳል። ሁለቱ ቦታዎች ምንም የሚያገናኛቸው ነገር ያለ አይመስልም። ይሁን እንጂ ሕመሙን ለማስታገሥ ወደ ሁለቱም የሚመላለሰው ብዙ ጊዜ ያው አንድ ሰው ነው። በዕድሜ የሚበልጠውም ፍል ውሃው ነው። ከተማዋ ከመቆርቆሯ፣ የመጀመሪያው ሆስፒታልም ከመከፈቱ በፊት ሰዎች ለቁርጥማታቸውና ለቆዳ ሕመማቸው መፍትሔ ፍለጋ ወደዚህ ቦታ ይወርዱ ነበር።

ይህ ጽሑፍ የፍል ውሃን ታሪክ ከሕክምና ታሪካችን ጋር አያይዞ ይመለከታል። ዓላማው የቀድሞውን ልማድ ማወደስም ሆነ መንቀፍ አይደለም። ሕመምተኛ ወደ ጤና ተቋም ከመምጣቱ በፊት የሚሄድበትን መንገድ ያላወቀ የጤና ባለሙያ የሕመሙን ታሪክ በግማሹ ብቻ እንደሚያገኝ ለማሳየት ነው።

ከከተማው በፊት

ዛሬ አዲስ አበባ የምትገኝበት ሜዳ ቀድሞ የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች መኖሪያና የከብት ማሰማሪያ ነበር። ፊንፊኔ የሚለው መጠሪያም ከምንጮቹ ጋር የተያያዘ ነው። በኦሮሞ አርብቶ አደር ዘንድ ማዕድን ያዘለ ምንጭ ሆራ ይባላል። ከብት በየጊዜው ወደ ሆራ እየተነዳ ጨዋማውን ውሃ ይጠጣል፤ ውሃው የከብቱን የጨው ፍላጎት ስለሚያሟላ እረኞች ለከብቱ ጤና እጅግ አስፈላጊ እንደሆነ ያውቃሉ። ስለዚህ በዚህ ቦታ የውሃው ጥቅም ለሰው ብቻ ሳይሆን ለከብትም የታወቀ ነበር። ቦታው የአምልኮና የምስጋና ሥፍራም ነበር። የኢሬቻ በዓል ከረጅም ዘመን መቋረጥ በኋላ በሆራ ፊንፊኔ በ2012 ዓ.ም. መስከረም ወር እንደገና መከበሩ የዚህ ትዝታ ማስረጃ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከአንኮበር ተነሥተው ወደዚህ ሜዳ ይዘምቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ሸዋ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሻምበል ሀሪስ ስለ ቆይታው በጻፈው መጽሐፍ የፊንፊኔን ሜዳ አንሥቶታል። የልጅ ልጃቸው ምኒልክ ወደዚሁ ሥፍራ ሲመለሱ ግን የመጡት ለዘመቻ ብቻ አልነበረም።

ብርዳማው ቤተ መንግሥት

ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ በነበሩበት ዘመን መቀመጫቸውን ከአንኮበር ወደ እንጦጦ ተራራ አዛወሩ። የተራራው ጥቅም ወታደራዊ ነበር፤ ከላይ ሆኖ ዙሪያውን ሁሉ ማየት ይቻላል፤ ለመከላከልም ይመቻል። ለኑሮ ግን አስቸጋሪ ነበር። የእንጦጦ ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ ነፋሱ ብርቱ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። የሠራዊቱና የቤተ መንግሥቱ ሰው በበዛ ቁጥር የማገዶ እንጨት እየራቀ ሄደ። ማገዶ ባጠረበት ተራራ ላይ ውሃ አሙቆ ገላን መታጠብ ለብዙው ሰው የማይታሰብ ነገር ነበር።

ፍል ውሃው የሚገኘው ከተራራው ግርጌ፣ ከ600 ሜትር ባላነሰ የከፍታ ልዩነት ዝቅ ብሎ ነው። ያለ ማገዶ የሞቀ ውሃ፣ ለስለስ ያለ አየር፣ ለድንኳንም የሚመች ሜዳ በአንድነት ይገኙበታል። ከእንጦጦ በማለዳ የተነሣ ሰው ወርዶ፣ ታጥቦ፣ ልብሱንም አጥቦና አድርቆ ሳይመሽ ሊመለስ ይችላል። በዚህም ምክንያት መኳንንቱና ሠራዊቱ ወደ ፍል ውሃ መውረድን አዘወተሩ። የአንድ ቀን የነበረው ጉዞ ቆይቶ የሳምንታት ሰፈር ሆነ፤ በምንጩ ዙሪያም ድንኳን ይተከል ጀመር።

ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በምኒልክ ዜና መዋዕል እንደዘገቡት እቴጌ ጣይቱ ቦታውን ወደዱት፤ ቤት መሥሪያም ጠይቀው ተፈቀደላቸው። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ወደ ሐረር በዘመቱበት ወራት ሥራው ተጀመረ፤ ለሥፍራውም አዲስ አበባ የሚል ስም ወጣለት። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ የጫኑት ገና በእንጦጦ ማርያም ነበር። ሕይወት ግን ወደ ታች መውረዱን አላቆመም፤ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ መንግሥቱም ሕዝቡን ተከትሎ ወረደ። የቀድሞዎቹ ነዋሪዎች ደግሞ የግጦሽ መሬታቸውንና ወደ ሆራ የሚወስደውን መንገድ ቀስ በቀስ አጡ። የከተማዋ ታሪክ ሲነገር ሁለቱም ነገሮች አብረው መነገር አለባቸው።

ለከተማ መቆርቆር በርካታ ምክንያቶች ይሰጣሉ፤ ንግድ፣ ምሽግ፣ የወንዝ መሻገሪያ። አዲስ አበባን ከቆረቆሯት ምክንያቶች አንዱ ሰው ገላውን በሙቅ ውሃ ለመታጠብ መፈለጉ መሆኑ የጤና ባለሙያን ልብ ሊስብ ይገባል።

ውሃው ምን ፈወሰ?

በዚያ ዘመን ወደ ፍል ውሃ የሚወርደው ሕመምተኛ ዓይነቱ ብዙ ነበር። ቁርጥማት የያዘው፣ እከክ የወረሰው፣ ቁስሉ አልድን ያለው፣ በቂጥኝ የተመታ፣ ሥጋ ደዌ ያለበት ሁሉ በአንድ ውሃ ዙሪያ ይሰበሰብ ነበር። ዛሬ ባለው ዕውቀት ስንመዝነው ከእነዚህ ውስጥ ማን ተጠቅሟል ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕመም ያለበት ሰው እፎይታ ማግኘቱ አያጠራጥርም። ሙቀት የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ የተኮማተረ ጡንቻን ያላላል፤ ውሃው ገላን ስለሚያንሳፍፍ በመገጣጠሚያ ላይ የሚያርፈው ክብደት ይቀንሳል። ይህ የሕመም ማስታገሻ እንጂ በሽታውን ከሥሩ የሚነቅል አይደለም፤ ሆኖም ሌላ ማስታገሻ ባልነበረበት ዘመን ትንሽ ነገር አልነበረም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ግን ብዙ የማይነገርለት ንጽሕና ሳይሆን አይቀርም። በደጋ አገር ሰው ብርዱን ለመከላከል ልብሱን ደራርቦ ይለብሳል፤ ውሃና ማገዶ ሲያጥር ደግሞ ልብሱን ለረጅም ጊዜ ሳያጥብ ይቆያል። ይህ ለልብስ ቅማል የተመቸ ሁኔታ ነው። ቅማል የሚያስተላልፋቸው ተስቦና ግርሻ በየሰፈሩ፣ በየጦር ካምፑና በየወህኒ ቤቱ ሰው ሲፈጁ የኖሩ በሽታዎች ናቸው። ግርሻ በከተማዋ የጎዳና ተዳዳሪዎችና በተጨናነቀ መኖሪያ በሚያድሩ የቀን ሠራተኞች ዘንድ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን መታየቱን ያልተማረ የኢትዮጵያ ሐኪም የለም። ልብስን በሚፋጅ ውሃ ማጠብ ቅማሉንም ቅጫሙንም ይገድላል፤ ፊትን አዘውትሮ መታጠብ ትራኮማን ለመከላከል ይረዳል፤ ገላን በሳሙና መታጠብ መግል የያዘ የቆዳ ቁስልን ይቀንሳል። ስለዚህ ሰዎች ከፍል ውሃ ሲመለሱ «ተሻለን» ማለታቸው እውነት ነበር። ያሻላቸው የውሃው ማዕድን ነው ብለው ቢያምኑም አብዛኛውን ሥራ የሠራው መታጠቡ ራሱ ሊሆን ይችላል።

ቂጥኝን በተመለከተ ታሪኩ የተለየ ነው። የቂጥኝ ቁስል ሳይታከምም በራሱ ጊዜ ይደርቃል፤ በሽታው ግን በሰውነት ውስጥ ተደብቆ ይቆያል። ታጥቦ ቁስሉ የደረቀለት ሰው በውሃው መዳኑን ቢመሰክር አይፈረድበትም። በዚህ ስሕተት የወደቀው የእኛ ሕዝብ ብቻም አልነበረም። በጀርመን አኽን ከተማ ሐኪሞች የቂጥኝ ሕመምተኞችን ሜርኩሪ እየቀቡ በፍል ውሃ ያጥቡ ነበር። በአሜሪካ አርካንሶ ግዛት በተራሮች መካከል በምትገኘው ሆት ስፕሪንግስ በተባለች የፍል ውሃ ከተማ የጦርና የባሕር ኃይል ሆስፒታል የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1887 ሲሆን፣ ይህም አዲስ አበባ ስትቆረቆር በነበረበት በ1879 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በዚያችው ከተማ የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአባላዘር በሽታ ክሊኒክ አቋቁሞ ነበር። ኦስትሪያዊው ዋግነር ያውሬግ የቂጥኝ የአንጎል ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ሆን ብሎ ወባ በማስያዝ በትኩሳቱ ለማከም በመሞከሩ እ.ኤ.አ. በ1927 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ፔኒሲሊን ቂጥኝን እንደሚፈውስ እ.ኤ.አ. በ1943 እስኪታወቅ ድረስ የዓለም ሊቃውንት ተስፋም ሙቀትና መርዝ ነበር።

ሐኪሞች ሲመጡ

ከዐድዋ ድል ማግስት፣ በ1888 ዓ.ም. ክረምት፣ የሩስያ ቀይ መስቀል ቡድን አዲስ አበባ ገብቶ ቁስለኞችን ማከም ጀመረ። ቆይቶም ቡድኑ የከፈተው ሆስፒታል እ.ኤ.አ. እስከ 1906 ድረስ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1910 አካባቢ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተቋቋመ። በልጅነታቸው ከመቅደላ በእንግሊዞች ተወስደው በሕንድ ያደጉትና ሕክምና የተማሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ወደ ሀገራቸው ተመልሰው የመጀመሪያው ዘመናዊ ኢትዮጵያዊ ሐኪም በመሆን አገለገሉ። ጆርጂያዊው ዶክተር ሜራብ በከተማዋ መድኃኒት ቤት ከፍተው ሠሩ፤ ስላዩትም በሦስት ቅጽ ጻፉ። ከነፃነት በኋላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1947 የሶቪየት ቀይ መስቀል በልደታ አካባቢ፣ በደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ግቢ ሆስፒታል ከፈተ። ይኸው ሆስፒታል ዛሬም በደጃዝማች ባልቻ ስም ይጠራል።

ሆስፒታል መከፈቱ ሕዝቡን ከፍል ውሃ አላራቀውም። በአንጻሩ ፍል ውሃው ራሱ ቤት ተሠርቶለት፣ በደረጃ የተከፋፈሉ መታጠቢያ ክፍሎች ተዘጋጅተውለት የከተማ አገልግሎት ሆነ። በመኖሪያ ቤቱ ቧንቧ ለሌለው ነዋሪ በርካሽ ዋጋ የሚገኝ ሙቅ ውሃ ነበር። ከከተማዋ ውጭም የአንድ ቀን ጉዞው ቀጠለ። ከልደታ በጦር ኃይሎች አድርጎ የጅማን መንገድ የያዘ ሰው 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ በወንጪ ተራራ ግርጌ ወሊሶ ይደርሳል። የአምቦን መንገድ የያዘ ደግሞ በሆለታና በጊንጪ አድርጎ ከዚያው ተራራ ማዶ ተመሳሳይ ርቀት ይጓዛል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ወሊሶ ግዮን፣ አምቦ ደግሞ ሀገረ ሕይወት ይባሉ ነበር። ሁለተኛው ስም ሰው ከዚያ ውሃ ይጠብቅ የነበረውን ነገር በግልጽ ይናገራል። የአምቦ ውሃ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ ለገበያ ቀርቧል።

የወሊሶ መንገድ ለዛሬው የጤና ባለሙያ ሌላም ትርጉም አለው። ከተማው ለረጅም ዘመን የታወቀው በፍል ውሃው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የቅዱስ ሉቃስ ካቶሊክ ሆስፒታል ሲከፈትበት ግን ከአካባቢው ገጠር ሕመምተኞች፣ በተለይም በምጥ የተቸገሩ እናቶች፣ ወደ ሆስፒታሉ የሚመጡበት ከተማ ሆነ።

ጠበልና ፍል ውሃ

በብዙ ሕመምተኞች አስተሳሰብ ጠበልና ፍል ውሃ አንድ ባይሆኑም ይጎራበታሉ። ፍል ውሃ የገላ መድኃኒት ሲሆን ጠበል የነፍስም የሥጋም ነው። ሰው ሕመሙ ከጠና ወደ ሁለቱም ይሄዳል። በዚህ ረገድ ከእንጦጦ ተራራ የተገኘው የቅርብ ጊዜ ትምህርት ሊዘነጋ አይገባም።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ወረርሽኝ በበረታበት ወቅት በሺሕ የሚቆጠሩ ሕሙማን ጠበል ፍለጋ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጥተው በዙሪያው ይኖሩ ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት ሕዝቡ ሙቅ ውሃ ፍለጋ ከወረደበት ተራራ ላይ ልጆቹ ቀዝቃዛ ውሃ ፍለጋ መልሰው ወጡ። መድኃኒት ባልነበረበት ጊዜ ጠበሉ ተስፋና መጠጊያ ነበር፤ ከቤተሰቡ የተገለለ ሰው በዚያ ቢያንስ ባልንጀራ ያገኝ ነበር። በጥር 1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መታደል ሲጀምር ግን አዲስ ጥያቄ ተነሣ። አንዳንድ ሕሙማን መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጉደል ነው ብለው ጀምረውት የነበረውን ሕክምና አቋረጡ። የዚህ ዋጋ ምን እንደሆነ የጤና ባለሙያ ያውቀዋል፤ ቫይረሱ መድኃኒቱን ይለማመዳል፣ ሰውየውም ይሞታል።

በግንቦት 1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ ምእመናንም ሁለቱንም አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ አስተማሩ። ይህ ቃል ከብዙ የጤና ትምህርት ፖስተር የበለጠ ሰሚ ነበረው፤ ምክንያቱም ሕመምተኛውን ከሁለት አንዱን ምረጥ አላለውም። በሐኪምና በካህን መካከል ቆሞ ይጨነቅ የነበረው ሰው ሁለቱም እንደሚፈልጉት ተነገረው።

በውሃው ውስጥ ያለ አደጋ

ፍል ውሃ ለሁሉም ሰው ምንም ጉዳት የለውም ማለት ደግሞ ስሕተት ነው። አንድ ሰው እስከ አንገቱ በውሃ ውስጥ ሲቀመጥ የውሃው ግፊት ወደ 700 ሚሊ ሊትር የሚጠጋ ደም ከእግርና ከሆድ ወደ ደረት ይገፋል። ጤናማ ልብ ይህን ይችለዋል፤ ለደከመ ልብ ግን ድንገተኛ ሸክም ነው። ሙቀቱ የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ ከውሃው በፍጥነት ብድግ የሚል ሰው ግፊቱ ወርዶ ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል፤ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ አረጋዊ ደግሞ ይበልጥ ይጋለጣል። ነፍሰ ጡር ሴት በተለይም በመጀመሪያዎቹ ወራት በጣም በጋለ ውሃ ውስጥ መቆየት የለባትም።

በስኳር በሽታ ወይም በሥጋ ደዌ ምክንያት የእግሩ ስሜት የጠፋ ሰው ውሃው ሲያቃጥለው አያውቅም። ለመዳን ብሎ የነከረው እግር ተቃጥሎ፣ ቁስሉም መርዞ እስከ መቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመምተኛ «የውሃውን ሙቀት በክርንዎ ወይም በቤተሰብ እጅ ያስለኩ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር እግር ያተርፋል።

የፍል ውሃ መጠጣትም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በስምጥ ሸለቆ የሚገኙ ብዙ ፍል ውሃዎች የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ከወሰነው ከ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር እጅግ የበለጠ ፍሎራይድ አላቸው። ለብዙ ዓመት የጠጣቸው ሰው ጥርሱ ይበልዛል፤ ሲከፋም አጥንቱ ይጎብጣል። ለብ ባለና በቆመ ውሃ ውስጥ ሌጂዮኔላን የመሳሰሉ ተሕዋስያን ይራባሉ። በዝግ ክፍል ብዙ ሰው በሚሰበሰብበት ሥፍራም የሳንባ ነቀርሳ ከአንዱ ወደ ሌላው ሊተላለፍ ይችላል። በባዶ ሆድ ብዙ ጠበል እየጠጡ መሰንበት ኢንሱሊን ለሚወስድ ሰው አደገኛ ነው፤ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው መድኃኒቱን ካቋረጠም የሚጥለው ውሃው አጠገብ ሊሆን ይችላል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ለጤና ባለሙያ የሚተርፈው ቁም ነገር በሕክምና ካርድ ላይ የሚጻፍ አንድ ጥያቄ ነው። «እዚህ ከመምጣትዎ በፊት የት ሄደው ነበር?» የሚለው ጥያቄ ያለ ፌዝና ያለ ቁጣ ሲቀርብ ሕመምተኛው እውነቱን ይናገራል። ጠበል መሰንበቱን፣ ፍል ውሃ መግባቱን፣ መድኃኒቱን ለስንት ቀን እንዳቆመም ይገልጻል። በቁጣ ከተጠየቀ ግን «የትም አልሄድሁም» ይላል፤ ሐኪሙም ያልሠራው መድኃኒት ነው ብሎ ሌላ ያዝለታል።

ሕመምተኛውን ከፍል ውሃ መከልከል አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም፤ ቢከለከልም አይቀርም። ከእንጦጦ በማለዳ ተነሥተው ይወርዱ የነበሩትን ሰዎች ማንም አላዘዛቸውም፤ ሕመማቸውና ብርዱ ነበር የወሰዳቸው። ዛሬም ቁርጥማት የያዛት እናት ከልደታ ተነሥታ ፍል ውሃ ወይም ወሊሶ ደርሳ ብትመለስ ገላዋ ይቀለዋል። ከባለሙያው የምትፈልገው ልቧ ጉዞውንና ሙቀቱን የሚችል መሆኑን መርምሮ እንዲነግራት፣ ውሃው ውስጥ ከ15 ወይም ከ20 ደቂቃ በላይ እንዳትቆይ፣ ስትወጣም ቀስ ብላ እንድትነሣ እንዲመክራት ነው። የዕለት መድኃኒቷንም ከፎጣዋ ጋር በቦርሳዋ መያዟን ቢያስታውሳት ጉዞዋ የሕክምናዋ አካል ይሆናል።